የማዳሜ ሎሚና የእኔ እሁድ

ሰኞ

«ሁሉም ተነቅሎ የፕላስቲክ ሳር ይነጠፍ» ብሎ ሄደ። ሁለተኛው አትክልተኛ መሆኑ ነው። ሽቶው እስከ ማጀት ይሸታል፣ ጥፍሩ ውስጥ ግን የአፈር ምልክት የለም። እንዲህ ያለ አትክልተኛ አላምንም። ባለፈው ሳምንት የመጣው ደግሞ ተባይ ነው ብሎ የሆነ ነገር ረጭቶ፣ በየሳምንቱ እየመጣሁ ልርጭ አለ። ሥሩን እንኳን ጎንበስ ብሎ አላየም።

ማዳሜ የፕላስቲኩን ነገር ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። ሎሚውን የተከሉት ሟች እናቷ ናቸው። አሁን ቅጠሉ ከጫፉ እየተቃጠለ ይረግፋል፣ ሳሩም እዚህም እዚያም ተመልጧል።

እኔ የጨነቀኝ ሌላ ነው። እህቴ ሰአዳ ድምፅ ልካለች። አሠሪዎቿ እሁድ ዘመድ ጥየቃ ደቡብ ስለሚሄዱ ለቀዋታል፤ ይቺን አንድ ቀን ብቻ። ሊባኖስ ከገባች አራት ወሯ ነው፤ እሷ ዳሒዬ፣ እኔ ባዕብዳ። በመኪና ምንም አይደለም፣ ግን አልተያየንም። ወሎ ትቻት ስመጣ የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፣ ሰባት ዓመት አለፈ። መንገድ ላይ ባገኛት አውቃት ይሆን?

እሁድ የእኔ የእረፍት ቀን ነው። ማዳሜ እስካሁን ከልክላኝ አታውቅም። ግን ማን ያውቃል።

ማክሰኞ

ሦስተኛው መጣ። አቡ ሰሊም ይባላል፣ ሽማግሌ ነው፣ ከተራራው በኩል በአሮጌ ፒክአፕ። ብዙ አያወራም። ተንበርክኮ በእጁ ቆፈረ፣ አፈሩን ፈረፈረ፣ ቅጠሉን ገለባበጠ። ደስ ሊለኝ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ በረንዳውን በምን ነው የምታጥቢው? ውሃው ወዴት ይሄዳል?» አለኝ።

በበረኪና ነው አልኩ። ሁሉም ሰው በበረኪና ነው የሚያጥበው።

ማዳሜ ከአፉ ቀበል አድርጋ «አየህ! እኔም ጠርጥሬ ነበር! ያኒ እናቴን ሁለቴ ገደለችብኝ ማለት ነው» አለች። አቡ ሰሊም «ሊሆንም ላይሆንም ይችላል ማዳም፣ እስከማጣራ ጠብቂ» አላት። እሷ ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሰማችው። እሱ ሲወጣ ጠብቃ፣ ነገሩ እስኪታወቅ እሁድ አትወጪም፣ ኸላስ፣ አለቀ አለችኝ።

ከሁለቱ ቀጣፊዎች ይልቅ ይሄ ሽማግሌ ጎዳኝ። ማዳሟን ከማስቀየም በሠራተኛዋ ማላከክ ይቀላላ! ለሰአዳ ምንም አልነገርኳትም።

ሮብ

ቀኑን ሙሉ ከራሴ ጋር ስሟገት ዋልኩ። ሌላ ማንም ስለማያነበው እውነቱን ልጻፍ፤ በዚህ አገር ክረምት፣ በጥር፣ የበረንዳው ቱቦ ሲደፈን፣ ሁለት ጊዜ የመወልወያውን ውሃ ሎሚው ሥር ደፍቻለሁ። ሁለት ጊዜ ብቻ። ምናልባት ሦስት። ይሄ ዛፍ ይገድላል እንዴ? ከገደለ ያኔ አይሞትም ነበር? አሁን በሐምሌ ምን አመጣው?

ደግሞ የኔ በሶብላ አለ። ከማጀት በስተጀርባ በረንዳ ላይ፣ በወተት ጣሳ የተከልኩት። እሱም ከበረኪናው ጎን ነው የሚኖረው፣ ግን ለምለም ነው፣ ማሻአላህ። እንግዲህ የኔ እጅ መርዝ ከሆነ እሱን እንዴት ማረው?

አቡ ሰሊም ሳይጠራ ተመልሶ መጣ። ከሎሚው ሥር አፈር ዝቆ በላስቲክ ቋጠረ፣ ጣሪያው ላይ ያለውን ሮቶ ቆሞ አየ፣ ሄደ። ማስረጃ እየሰበሰበብኝ ነው። ሰላም ሲለኝ አልመለስኩለትም።

ሐሙስ

ዛሬ ጉድ ነው የሆነው።

የሰፈሩ ጄኔሬተር ከትናንት ጀምሮ ተበላሽቷል፣ ኤሲው ጠፍቷል። ካውያ ውስጥ የምጨምረው ከኤሲው ቱቦ የሚንጠባጠበውን ውሃ ነው፤ ንጹሕ ስለሆነ ካውያ አያበላሽም። በሶብላዬንም የማጠጣው እሱን ነው። ዛሬ ባልዲው ባዶ ነበር። መብራት ለአንድ ሰዓት ሲመጣ ማዳሜ ለለቅሶ የምትለብሰውን ጥቁር ቀሚስ ቶሎ ተኩሰሽ አምጪ አለች። ከቧንቧ ቀዳሁ።

ቀሚሱ ላይ ነጭ ነጭ መስመር ወጣበት። ማዳሜ የጮኸችውን ጩኸት ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። ቀሚሴን ደግሞ ሆን ብለሽ ነው አለችኝ። እሷ ሌላ ልብስ ለብሳ ስትወጣ ነጩን በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት።

ጨው ነው።

ሮጬ ሄጄ ቧንቧውን ቀመስኩ። ጨው! እኛ የምንጠጣው በጠርሙስ ስለሆነ ማን ቀምሶት ያውቃል። ሎሚውና ሳሩ ግን የሚጠጡት ይሄንኑ ነው። ከዚያ ሁሉም ነገር በየተራ መጣልኝ። ሳሙናው አረፋ አልሰጥ ያለው። እኔ ሳሙናውን ነበር የምጠረጥረው፣ ርካሽ ገዝታ ነው እያልኩ። ማዳሜ ደግሞ ጸጉሬን ገለባ አደረገው ብላ ሻምፑዋን ነበር የምትረግመው። ሁሉም የጀመረው ሮቶውን የሚሞላው አዲሱ የውሃ ቦቴ መምጣት ከጀመረ ወዲህ ነው።

ቦቴውን ማን አመጣው? ራሷ ማዳሜ! ከድሮው ይረክሳል ብላ፣ ለጓደኞቿ በስልክ እስክትኮራ ድረስ።

አሁን ይሄን እኔ ነኝ የምነግራት? የእናትሽን ሎሚ የምትገድዪው አንቺ ነሽ ልበላት? ወላሂ እሁድ ይቅርና ዓመቱን ሙሉ በር አታሳየኝም።

አርብ

ዘዴው የመጣልኝ ሶላት ላይ ነው፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።

አቡ ሰሊም ከሰዓት በኋላ መጣ፣ ማዳሜም አብራው ግቢ ቆመች። ሁልጊዜ ለሰው ውሃ የማቀርበው ከጠርሙስ ነው። ዛሬ ከቧንቧው ቀዳሁና በትሪ ይዤለት ወጣሁ። የማዳሜን እንግዳ የቧንቧ ውሃ ማጠጣት ትልቅ ብልግና ነው፤ ካልሠራ አለቀልኝ።

አንዴ ጎንጨት አድርጎ እንትፍ አለው። ማዳሜ ደንግጣ «ሹ ሀይዳ፣ ሀያት? ይሄ ምንድን ነው?» ብላ ስሜን ጠርታ አፈጠጠችብኝ። ሽማግሌው እኔን አየኝ፣ ትሪውን አየ፣ ጣሪያው ላይ ያለውን ሮቶ አየ። ከዚያ ብርጭቆውን ለሷ አቀበላትና «ማዳም፣ ቅመሺው» አላት።

ቀመሰችው። ብርጭቆውን ቀስ ብላ ትሪው ላይ መለሰችው።

ያን በላስቲክ የቋጠረውን አፈር አወጣ። ደርቆ ላዩ ላይ ነጭ ጨው አውጥቷል። «ከማክሰኞ ጀምሮ ውሃውን ጠርጥሬ ነበር። ሳላረጋግጥ ሰው አልወነጅልም፤ ለዚህ ነው ጠብቂ ያልኩሽ» አለ። የኔን በረኪና አንዴም አላነሳም። በጣም አፈርኩ። ሁለት ቀን ሙሉ የሰደብኩት ሰው ነው።

ማዳሜ ለቦቴው ሾፌር ደውላ ሌባ፣ ነፍሰ ገዳይ አለችው። ለኔ ምንም አላለችም። ይቅርታ ጠብቄ አልነበረም። ስለ እሁድም ምንም አላለችም፣ እሱን ግን ጠብቄ ነበር።

ቅዳሜ

የድሮው ቦቴ ተመልሶ መጣ። ከሁሉ በፊት ቀመስኩት። ጨው የለውም። አሁን የሚመጣውን ውሃ ሁሉ ሳልቀምስ አላስቀዳም።

አቡ ሰሊም ሎሚው ዙሪያ ጎድጓዳ ቦይ ቆፈረ። ጨው የሌለው ውሃ ቀስ ብሎ፣ ደጋግሞ ይፍሰስበት፣ ጨውን ወደ ታች ይወስደዋል አለ። ማዳበሪያ የለም፣ መቁረጥ የለም። ጄኔሬተሩ ዛሬ ስለተሠራ የኤሲውንም ውሃ ስጪው አለኝ። ሳሩ ይመለሳል፣ ለሎሚው ግን እርግጠኛ አይደለሁም አለ። ሰላምታውን ዛሬ መለስኩለት።

ማታ እራት ሳቀርብ ስለ ነገ ጠየቅኳት። «እናያለን» አለችኝ። የማዳሜን እናያለን አውቀዋለሁ። ለሰአዳ ግን አብሽሪ፣ እመጣለሁ ብዬ ላክሁላት። እርግጠኛ ሳልሆን ጠብቂኝ ማለቴ ቆጨኝ።

እሁድ

ማዳሜ ጠዋት በሩን ራሷ ከፈተችው። እንደ ልማዴ ቦርሳዬን ከፍቼ አቀረብኩላት፣ ሁልጊዜ ስወጣ ትፈትሻለች። ዛሬ አላየችውም። «ያላ፣ ከመግሪብ በፊት፣ ሳይመሽ ተመለሺ» ብላ ገባች። ለምን እንዳልፈተሸችኝ ሳሰላስል ዳሒዬ ደረስኩ። ቦርሳዬ ውስጥ የነበረው በሶብላዬ ብቻ ነው፣ ለሰአዳ።

አላወቅኳትም። እሷ ናት ያወቀችኝ፤ «እታለም» ብላ ከኋላዬ ስትጠራኝ ዞር አልኩ። ረዝማ እኔን በልጣለች። እጇ በበረኪና ተሰነጣጥቋል፣ ልክ እንደኔ። ግንብ ላይ ተቀምጠን አለቀስን፣ ከዚያ ዳቦ በፈላፍል በላን፣ ከዚያ እንደገና አለቀስን።

የሎሚውን ነገር ነገርኳት። ስለ መወልወያው ውሃም፣ ለማንም ያልነገርኩትን። ሰአዳ ዓይኗን አፍጥጣ «ለሌላ ሰው እንዳትነግሪ» አለችኝ። ልጅቷ ይሄን አገር በአራት ወር ተማረችው።

ስንለያይ ዱአ አድርጊ፣ ሎሚው ይዳን አልኳት። ሳቀች። «ለሰው ሎሚ ዱአ?»

«ለሎሚው አይደለም፣ ለእሁዴ ነው» አልኳት። ያኔ መሳቋን ተወች።

ከመግሪብ በፊት ደረስኩ። ኤሲው ሥር ያለው ባልዲ እስከ አፉ ሞልቷል። ጫማዬን ሳላወልቅ ባልዲውን አንስቼ ወደ ሎሚው ሄድኩ።