የደላላው ድርሻ

ሰኞ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ደሴ። ዛሬ ጠዋት ሁለት ኩንታል በርበሬ ተሸጠ።

ልጄ ዘምዘም፣ አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ የሰው አገር ክፉ አያሳይሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ፤ የአባትሽ ሆድ ግን አልተሻለውም። እዚሁ ደሴ ፒያሳ ያለው ሐኪም "እብጠት አለ፣ በኦፕራሲዮን ይውጣ" ብሎ ነበር። አንቺ ደግሞ በምታጠኚው ጥናት፣ ሐኪም በኦፕራሲዮን ቁጥር ሲከፈለው ኦፕራሲዮን ያበዛል ብለሽኛልና ጠርጥሬ አቆየሁት።

ሰኞ ገበያ ደላላ እውነቱን እንዲነግረኝ ስፈልግ፣ ገዛሁም አልገዛሁም ድርሻውን አስቀድሜ እሰጠዋለሁ። ቅዳሜ አባትሽን ይዤ ኮምቦልቻ ወረድኩና ሌላ ሐኪም ጋ እንዲሁ አደረግሁ። ከፍዬ፣ "ዶክተር፣ ኦፕራሲዮን ቢያስፈልገውም እርስዎ ጋ አይሠራም፤ እውነቱን ብቻ ይንገሩኝ" አልኩት።

መርምሮት ሲያበቃ ለብቻዬ ጠራኝ። "እናቴ፣ እስካሁን ለምን ቆያችሁ?" አለኝ።

የፒያሳው ሐኪም ስግብግብ ሆኖ ቢገኝ ምንኛ ደስ ባለኝ! ወደ ደሴ ስንመለስ፣ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ፣ አባትሽ "ደላላሽ ስንት ዋጋ ቆረጠልኝ?" ብሎ ሳቀብኝ።

ዱዓ አድርጊለት። ስትደውይለት አታልቅሺ፤ ከድምፅሽ ያውቃል። አላህ በጤና ያገናኘን።

ነገ ሱቁን አልከፍትም፤ አባትሽን ይዤ ለኦፕራሲዮኑ ወደ ፒያሳው ሐኪም እሄዳለሁ።