የእማማ ጥቁር አዝሙድና የአባባ ልብ

ሰኞ
ቀኑ ተቆረጠ። አባባ ሐሙስ አዲስ አበባ ላይ የልብ ቀዶ ጥገና ይደረግለታል። የምትሰፋው ሐኪም ከሳምንታት በፊት እዚያ ስታስረዳን ሁላችንም ነበርን፤ ልብ ቆሞ ደም በመሣሪያ ዞሮ ሲመለስ ሰውነት ባዕድ የመጣበት መስሎት ይቆጣል፣ ያብጣል አለች። የአባባ ኩላሊት ደካማ ስለሆነ ይህን አይችልም። ስለዚህ ልቡ እየመታ፣ ያለ መሣሪያው ልትሰፋው ነው። አባባ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነውና፣ የሚሮጥ ሰው ሱሪ መጣፍ ማለት ነው ብሎ ሳቀ። እኔ ፈራሁ።

ማክሰኞ
ጉድ ነው! አባባን ሱቅ ውስጥ ነሰረው። እማማ ማንም ሳይጠይቃት ተናገረች። ጥቁር አዝሙድ በማር እያሸች ጠዋትና ማታ ስታስውጠው ሰንብታለች። «ሐኪሟ ሰውነቱ ይቆጣል ስትል ሰምቼ፣ ቁጣውን ላበርድለት ብዬ ነው» አለች። ወንድሜ ጀማል ሊጮህባት ሲል ዝም አሰኘሁት። እማማ ደግሞ ለሐኪሟ ደውሉልኝና ራሴ ልንገራት አለች።

ረቡዕ
ነገረቻት፤ አንዲት ነገር አልደበቀችም። ሐኪሟም አልተቆጣችም። «እማማ፣ ስለነገሩኝ እግዜር ይስጥልኝ። እሱ ደም ያቀጥናል፤ ሳላውቅ ብከፍተው ኖሮ ደሙ አልቆም ይለኝ ነበር። ቁጣውን ለኔ ይተዉልኝ» አለቻት። ቀጠሮው በሁለት ሳምንት ተገፋ። የትኛዋን እንደማደንቅ አላውቅም። እማማ የአዝሙዱን ማሰሮ ከነማሩ ለጎረቤት ሰጠች፤ ለጉንፋን ይሆናል ብላ። ወይ እማማ!

ሐሙስ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ
ዛሬ ነው። እማማና ጀማል አብረውት ናቸው፣ እኔ ጎንደር ሱቁን ይዣለሁ። ከቆላ ድባ ለመጣች ሴት የመጋረጃ ጨርቅ አሳጥሬ ቆረጥኩባት። ምነው ልጄ፣ ልብሽ የት ሄደ አለችኝ። አዲስ አበባ አልኳት፤ ነገሩን ስነግራት የጨርቁን ማጠር ረስታ መድኃኔዓለምን ለመነችልኝ። ከሰዓት ጀማል ደወለ። አልቋል፣ ልቡ አንዴም አልቆመም፣ መሣሪያውም አላስፈለገም። የኩላሊቱ ነገር ግን ነገ ነው የሚታወቀው። ሐኪሟ እስካሁን ከአጠገቡ አልራቀችም አሉ።

ዓርብ
ሽንቱ ወርዷል፤ ኩላሊቱ ይሠራል! አልሐምዱሊላህ። ለሽንት ይህን ያህል እልል እላለሁ ብዬ አስቤም አላውቅ። እማማ ስልኩን አባባ ጆሮ ላይ አደረገችልኝ። ድምፁ ሰልሏል።
«ሱሪው ተጣፈ» አለኝ፤ «ሯጩም አልቆመም።»
ስልኩን ዘግቼ ጨርቁ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ለቆላ ድባዋ ሴት መጋረጃዋን እንደገና እቆርጥላታለሁ።