ደረቷ ላይ ያለው ጌጥ

ስንዱዬ፣

የዚህ ፖስትካርድ ሥዕል ላይ ያለችውን ሴትዮ ፓሌርሞ ሙዚየም ውስጥ ከአማቴ ከካሎጄራ ጋር አየናት። ሐሯንና ዕንቁዋን አይቼ «ምን ጎደለባት!» ብል፣ አማቴ ተቆጣችኝ።

«ዓይን የለሽም እንዴ? ደረቷ ላይ ያለውን ጌጥ እዪው! የእሷ ፀጉር ጥቁር ነው፤ የጌጡ መስታወት ውስጥ ያለችው ወርቃማ የፀጉር ዘለላ ግን የሕፃን ናት። ልጇ ሞቶባት ሳለ አስጊጠው ለሥዕል አቆሟት!»

ከዚያ እዚህ አገር ለቅድስት ሥዕል እንደሚያደርጉት፣ ጣቷን ስማ ወደ ሴትዮዋ ዘረጋችላት።

ሰፈራችን ሐዘንን የሚያውቀው በተዘቀዘቀ ነጠላና በከል ነው፤ አንቺንም «ልጇ ከሞተ ዓመት ሳይሞላው ከሏን ጣለች» እያሉ ያሙሻል። የልጅሽን ፎቶ ከቀሚስሽ ሥር ባንገትሽ እንደምታንጠለጥዪው እኔ አውቃለሁ። ቀዩን ቀሚስሽን ልበሺ!

ቦታ አለቀብኝ፤ እትዬ ደብሪቱን ሳሚልኝ። ለአማቴ ያንቺን ብነግራት፣ ጣቷን ስማ ወደ ባሕሩ፣ ወዳንቺ ዘረጋች።

ያንቺው ፍሬሕይወት