የራቱንግ ቅኝት

ራቱንግ፣ ከኮኮፖ በላይ
ኦገስት 19 ቀን 2017

ይድረስ ብሪዝበን ላለው ለእህቴ ልጅ ለአፔሊስ፤

ስለ ጤናዬ ስላልጠየቅከኝ እኔም ስለ ጤናህ አልጠይቅህም፤ ደህና እንደሆንክ ግን በልቤ ይዤዋለሁ። እዚህ ዝናቡ ቀድሞ ገብቷል፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ አክስትህ ኢያ ቩራን ጉልበቷን ያማታል፣ የባንዳችን ኤፒኔሪ ዛሬም እንደ ድሮው ይዋሻል። የመንደሩ ወሬ ይኸው ነው። አሁን ወደ ጥያቄህ ልግባ።

በአክስትህ ልጅ ስልክ የላክኸውን መልእክት ልጅቷ አነበበችልኝ። የእናትህን የታሉን ሙት ዓመት ደግሰን፣ መንደሩ ሁሉ ተሰብስቦ፣ አንተ ሥራ ይዞህ ቀረህ፤ ይሁን። በአንተ ፋንታ ድምጿን ላክህልን። ድግሱ ካለፈ በኋላ የጠየቅከኝ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው። «አጎቴ፣ ድምፁ እንዴት ነበር?» ነው ያልከው። ማን መጣ፣ ማን አለቀሰ፣ እናቴ እንዴት ተሸኘች አላልክም። እንግዲያው ቁጭ በልና አንብበው፤ ድምፁ እንዴት እንደነበር ልንገርህ።

መጀመሪያ ግን ድምፅ ማለት ምን እንደነበር ላስታውስህ፣ ሳትረሳው አልቀረህም። ከራዲዮ ጣቢያ የመጣ አንድ ሰውዬ የሚሲዮን ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ አንድ ማይክ በገመድ አንጠለጠለና ከሥሩ ወለሉን በጠመኔ አሰመረው። ሚክሲንግ የምትሉት የድምፅ ማመጣጠን ያኔ በእግር ነበር። የባንዳችን ቶቩያ ድምፁ ስለሚያገሳ ሰውዬው እየገፋ እየገፋ መስኮት አጠገብ አደረሰው፤ ቶቩያ ቅር ብሎት እስኪሞት ድረስ ያወራው ነበር። ኤፒኔሪ በባስ ጊታሩ መሃል ቆመ፣ እኔ አንድ እርምጃ ከጎኑ። እናትህ ክፍሉ ውስጥም አልነበረችም፤ ሴት ልጅ ከጊታር ባንድ ጋር አትዘፍንም ይባል ነበር። ውጭ ቆማ ከእኛ ጋር ስታንጎራጉር ሰውዬው ሰማት፣ «ያቺ ማን ናት?» ብሎ እጇን ይዞ አስገባትና ከማይኩ ሥር አቆማት። ያን ቀረጻ የሰማ ሁሉ ማን የት እንደቆመ በጆሮው ያየው ነበር።

ቀጥሎ ራባውል ከተማ ስቱዲዮ ተከፈተ። ኬን የሚባለው አውስትራሊያዊ ግድግዳውን በሙሉ በኮኮናት ምንጣፍ ሸፈነው፣ እኛንም አንዳችንን ካንዳችን በምንጣፍ ለየን። ኤፒኔሪን ሳላየው እንዴት ነው የምጫወተው? ተጣላን፣ ምንጣፉን አነሳን፣ እሱም ትከሻውን ነቅንቆ ተወን። ከዚያ ኪቦርድ አምጥቶ በእሱ ተቃኙ አለን። እናትህ ያኔ አንተን አርግዛ ነበር፣ እግሯ አብጦ በርሜል ላይ ተቀምጣለች። ቀና እንኳ ሳትል «ሳጥኑ ወደ እኛ ይቃኝ» አለችው። ኬን ሳቀና ኪቦርዱን ወደ ጓዳ መለሰው።

ያን ቀን ነው ዘፈኗን የቀዳነው። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሽ አጠራት። ቃሉን ሳትጨርስ ቆመች፣ በረጅሙ ተነፈሰች፣ ከዚያ ቀጠለች። እኛም ጣቶቻችንን አቁመን ጠበቅናት። ኬን እንደገና እንቅዳው ሲል «ተወው፤ እሱ ትንፋሽ የእኔ አይደለም፣ የልጁ ነው» አለችው። ቴፑ እንዲሁ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ዘፈኑ በራዲዮ በተከፈተ ቁጥር መንደሩ ሁሉ እዚያች ቦታ ላይ አብሯት ይተነፍስ ነበር።

ስለ ቅኝቱ ደግሞ ለአንተ መንገር ያሳፍራል፣ ግን ልንገርህ። የራቱንግን ቅኝት ያገኘው የሴት አያትህ ወንድም ነው፤ ከእሱ ለእኔ ተላለፈ፣ ከእኔ ለአንተ ነበር። አባትህ አባትህ ነው፣ ውርስህ ግን ከእናትህ ወንድም እንደሆነ ታውቃለህ። እያንዳንዱ መንደር የራሱ ነበረው። ከጨዋታ በኋላ ክሩን ሳያላላ ጊታሩን ከእጁ የሚያስቀምጥ ሰው እኛ ዘንድ አልነበረም። ለሽንት ስንነሳ እንኳ አላልተን ነበር የምንነሳው፤ የጎረቤት መንደር የማላቫት ሰዎች ቅኝታችንን ሊሰርቁ በአጥር ቀዳዳ ያዩናላ። እኛም የእነሱን ለመስረቅ ስንት ጊዜ ቁጥቋጦ ውስጥ አድረናል። አንድ ጊዜም አልተሳካልንም እንጂ።

ከዚያ የከበሮ ማሽን መጣ። ባንዱ ሁሉ አንድ ጊታር ብቻ ይዞ ስቱዲዮ ይገባል፣ አንዱ ልጅ በኪቦርድ ለሁሉም መንደር ያንኑ ምት ይመታል። ካሴት ገዝተን ሽፋኑን ካላነበብን እኛ እንሁን ማላቫት መለየት አቃተን። በዚያው እሳተ ገሞራው ፈነዳ፣ ራባውልን አመድ ዋጣት፣ ስቱዲዮውም ቴፖቹም አብረው ተቀበሩ። አንድ ቴፕ ብቻ ተረፈ፤ እናትህ ቤቷ ወስዳው ስለነበር። ስንሸሽ ቴፑን በአሮጌ ሸሚዝህ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ይዛው ነበር፣ አንተ ደግሞ ዶሮዋን ታቅፈህ እያለቀስክ ትከተላለህ። ዶሮዋ መንገድ ላይ ሞተችብህ፤ ቴፑ ግን ደረሰ።

አሁን የአክስትህ ልጆች መኝታ ቤት ውስጥ በኮምፒውተር ይቀዳሉ። ድምፃቸውን ሳደምጠው ቆርቆሮ ውስጥ የገባች ትንኝ ይመስለኛል፤ ትንፋሽ የሚባል ነገር የለውም፣ አንዱም አይሳሳትም። ያዳምጡት፣ ይጨፍሩበት። እኔም የኤፒኔሪ ልጅ ሠርግ ላይ ጨፍሬበታለሁ፣ አልዋሽህም። የእነሱ የእነሱ ነው። የእናትህን ግን ማን ንኩ አላችሁ?

ገና ላይ መጥተህ ቴፑ ሻግቷል፣ አጽድቼ ለሙት ዓመቱ አደርሰዋለሁ ስትለኝ በገዛ እጄ አውጥቼ ሰጠሁህ። አንተ እኮ የኬን ጠረጴዛ ሥር ተኝተህ ያደግክ ልጅ ነህ። ከአንተ የተሻለ ጆሮ ያለው ማን አለ ብዬ ነው የሰጠሁህ።

ቀኑ ደረሰ። የአባቶቻችን ገንዘብ፣ የታምቡ ዛጎሉ ተጠቅልሎ ተሰቀለ፣ የታሮ ሥሩ ተቀቀለ፣ የማላቫት ሽማግሌዎችም መጥተው ከፊት ተቀመጡ። ሌላ ዘፋኝ አይዘፍንላትም፣ ራሷ ዘፍና ትሄዳለች፣ እሷ ስትጨርስ ዛጎሉን ቆርጠን እናድላለን ብለን ተስማምተን ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን ትልቁን ስፒከር ተዋስን። እናትህን ያሳደገቻት ኢያ ቩራ ናትና ከስፒከሩ አጠገብ አስቀመጥናት።

ተከፈተ። ጥራቱ ልክ አልነበረም አልልህም፤ እንደ ተጠረገ ወለል ነበር። መጀመሪያ ከበሮ መጣ። እኛ ከበሮ መትተን አናውቅም። ቀጥሎ ጊታሮቹ መጡ፤ የኤፒኔሪ እጅ ከጉልበቱ ላይ ተነሥቶ አየር ላይ ቆመ፣ ከዚያ ተመልሶ ወረደ። እኔም እጄን ሳየው ያው ነበር፤ የሚይዘው አጣ። ቀጥሎ አንዲት ሴት ዘፈነች። ቀጥ ያለ፣ የለሰለሰ፣ ደክሞት የማያውቅ ድምፅ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ መንደሩ ሁሉ ሊተነፍስ አፉን ከፈተ፤ ሴትዮዋ አልቆመችም፣ አልፋው ሄደች። ሰዉ አፉን እንደከፈተ ቀረ።

የማላቫቱ ቶኪታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ በትሕትና የየት አገር ባንድ እንደሆነ ጠየቀኝ። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲሰድበኝ የኖረ ነው። ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር።

ዘፈኑ አለቀ። ኢያ ቩራ ግራ ቀኝ ብታይ የሚነሳ የለም፤ ከዚያ «ታሉን መቼ ነው የምታጫውቷት?» አለች።

የገዛ ልጇን ያህል ያሳደገቻትን ታሉን በስፒከር ሰምታ ጨርሳ ነው እንዲህ ያለችው።

ጊታሬን አስመጣሁና ጀርባዬን ለማላቫቶች ሰጥቼ ቃኘሁት። እኛው እንጫወትላት አልኩ። ከፋሲካ ወዲህ ግን የግራ እጄ ሁለት ጣቶች አልታጠፍ ብለዋል፤ ለማንም አልነገርኩም ነበር። መጀመሪያ የነካሁት ቦታ ላይ አልጫን አሉ፣ ክሩ ጮኸብኝ። ይሄኔ ኤፒኔሪ ባሱን ጥሎ ተነሣና የባሱ ክር ተበጠሰ፣ ዛሬ መጫወት አንችልም ብሎ በሰው ፊት ጮኸ። ክሩ አልተበጠሰም ነበር። ዛጎሉን ያለ ዘፈን ቆርጠን አደልን፣ ሰዉ ድርሻውን ተቀብሎ በዝናብ ወደ ቤቱ ገባ። እናትህ የተሸኘችው እንዲህ ነው።

በማግስቱ ደውዬልህ ነበር። ስለ ጊታሩ ስጠይቅህ ያልከኝን ቃል በቃል ይዤዋለሁ። «አጎቴ፣ ጊታሮቻችሁ እኮ ከቅኝት ወጥተው ነበር። ያኔ መቃኛ መሣሪያ ስላልነበራችሁ ነው፤ አትፈር፣ ሁሉንም አስተካክዬዋለሁ» አልከኝ። ትንፋሹንም እንደ ስህተት ቆርጠህ መጣልህን ነገርከኝ። ቴፑስ ስልህ ሲጫወት ቆዳው ተልጦ አለቀ፣ ለሁለተኛ ጊዜ አይጫወትም አልክ። ኮምፒውተር ላይ ሳይነካ የቀዳኸውስ ስልህ «የተበላሸውን ማን ይፈልገዋል ብዬ በላዩ ላይ ሠራሁበት» አልክ። እኔ ዝም ስል መስመሩ የተቋረጠ መስሎህ ሄሎ፣ ሄሎ ትል ነበር። መስመሩ አልተቋረጠም ነበር፣ አፔሊስ።

ከምንም በላይ ያንገበገበኝ ምን መሰለህ? ከማላቫት የመጣ ሰው ቢያደርገው ተንኮል ነው እል ነበር። ብሪዝበን ያለ ነጭ ቢያደርገው አያውቅም እል ነበር። የራቱንግ ልጅ፣ የእኔ ወራሽ፣ የገዛ ቅኝቱን ሰምቶ ተበላሽቷል አለ። ማሽኑ ነግሮህ ነው? ጆሮህስ ምን ይልህ ነበር? ዕድሜህ ደርሶ ቅኝቱን ልሰጥህ ስል ትምህርት ቤቱ ፌብሩዋሪ ላይ ይከፈታል ብለህ ሄድክ። ስመለስ አልክ። ገና ላይ ስትመጣም እንደዚያው አልክ።

እንድትመጣ እየለመንኩህ አይደለም። ሥራ አለብህ፣ ልጆች አሉህ፣ አውሮፕላኑም ውድ ነው ይላሉ። ሐኪሙ ስለ ጣቶቼና ስለ ቀረው ነገር ያለውን ከፈለግክ ኤፒኔሪን ጠይቀው፤ እሱ ለእኔ ብሎ ስለሚዋሽ ግን ከሚነግርህ ላይ ጨምረህ ስማው። ከቅኝታችን እሱ የባሱን ብቻ ነው የሚያውቀው። ቶቩያ ሞቷል። የቀረው አንድ ሰው ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርህና ላብቃ። ከድግሱ ወዲህ የጊታሬን ክር ማላላት ትቻለሁ። እንደተቃኘ በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ በሩንም አልዘጋም። ማላቫቶች ወደ ባሕር የሚወርዱት በደጃፌ ነው፤ የሚፈልግ ገብቶ ይንካው፣ ይስረቀው፣ እነሱ ዘንድም ቢሆን ይኑር አልኩ።

ትናንት ቶኪታ ሐዘኑ እንዴት ይዞሃል ብሎ ዓሣ ይዞ መጣ። ሲገባ ጊታሩን አየው። ክሩ እንደተወጠረ ወዲያው ገባውና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ቶሊኩን፣ ክርህን ማላላት ረስተሃል» አለኝ። «አልረሳሁም» አልኩት። ከዚያ ዓሣውን ደጃፍ ላይ አስቀምጦ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ ወጣ። ዕድሜዬን ሙሉ ሲሸምቅብኝ የኖረው ሰው ነው፣ ከፍቼ ብሰጠው አልነካም አለኝ።

እርጥበቱ ክሩን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ያላላዋል። ጠዋት ጠዋት እነሣና በቀኝ እጄ መልሼ አጠብቀዋለሁ። ይኼን አሁንም እችላለሁ።

የእናትህ አምላክ ጆሮህን ይመልስልህ። ልጆችህን በእሷ ስም ሳምልኝ፤ ታላቂቱ ስትዘፍን ትንፋሽ ቢያጥራት አታርማት።

አጎትህ
ኤሊያብ ቶሊኩን