አራት ጣት

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ቫኑ መጣ። ነጭ፣ ረጅም፣ ጣሪያው ከልብስ ማጠቢያችን መጋዘን በር በስንዝር ብቻ የሚያንስ። አከራዩ ቁልፉን አስረከበኝና «ለአንድ ሳምንት ሞክሩት። ከተስማማችሁ ለአራት ዓመት በኪራይ ትይዙታላችሁ» አለ። ሦስት ገጽ ቅጽም ሰጠኝ። ገምጋሚዋ እኔ ነኝ... የስምሪት ኃላፊ ከሆንኩ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ሁለቱ ሹፌሮቻችን ዞር ዞር ብለው አዩት። ጋሼ ጎማውን፣ ሙሽራው ሬዲዮውን። (ሙሽራው ካገባ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ስሙ ግን አልለቀቀውም።)

ከሰዓት አለቃ ጠራኝ። «በሩን ዝጊው» አለ። በሩን ዝጊው ብሎ ደግ ነገር ነግሮኝ አያውቅም።

«ሁለቱ ትንንሽ ቫኖች አርጅተዋል። ይሄ የሁለቱን ሥራ ከሠራ፣ አንድ ቫን፣ አንድ ሹፌር ይበቃናል። የሙሽራው ሚስት ልትወልድ ነው። ጋሼን በክብር እንሸኛቸዋለን።»

ጋሼ ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው። ምን ብዬ ልገምግም?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

የታጠበውን አንሶላና ፎጣ ጭነን ወጣን። ሆስፒታሉ፣ ሁለቱ ሆቴሎች... በሁለት ምልልስ የምናደርሰውን በአንዴ ዋጠው። ጋሼ ይነዳል፣ እኔ ቅጽ እሞላለሁ።

መሪው? «ቅቤ ነው።»

ወንበሩ? «ወገቤ አመስግኗል ብለሽ ጻፊ።»

የኋላ ካሜራው? «ሠላሳ ዓመት በእምነት ነው ወደ ኋላ የሄድኩት። ዛሬ ገና አየሁ።»

ሳቅኩ። ሰውዬው ግን በገዛ አፉ ራሱን ከሥራ እያስወጣ ነው... ምንም ሳያውቅ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ቅጹን ጨረስኩ። የመጨረሻው ጥያቄ፦ ስንት ሹፌር ያስፈልጋል? «አንድ» ብዬ ጻፍኩ። አንዲት ቃል ናት፣ ቶሎ ታልቃለች። ከዚያ ቅጹን ዳሽቦርዱ ላይ ረስቼው ምሳ ሄድኩ። ተመልሼ ለአለቃ ሰጠሁት። «ጎበዝ» አለኝ። ለጋሼ ሰኞ ይነግረዋል።

ውሸት አልጻፍኩም። ያየሁትን ነው የጻፍኩት። ታዲያ ይሄን ለማን ነው የማስረዳው?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ዛሬም አብሬው ወጣሁ። ቅጹ አልቋል፣ ምን አስወጣኝ? እንጃ። ምናልባት ከሰኞ በፊት አንድ ቀን አብሬው መዋል ፈልጌ ይሆናል።

ሐሙስ ዋና ገንዳ ካለው ሆቴል ፎጣ የምንሰበስብበት ቀን ነው። አሥራ አራት ባለ ጎማ ጋሪ፣ ሁሉም ውኃ ያንጠባጥባል። ሁሉም ገባ። ጋሼ በሩን ዘጋና የኋላ ጎማው ጋ ቁጢጥ አለ። እጁን በጎማውና ከበላዩ ባለው ፓራፋንጎ መሃል ሰደደ። አወጣው። ኪሱ ከተተው።

ያንን ነገር አውቀዋለሁ። ጫኝ ሆኜ በተቀጠርኩበት ዓመት አስተምሮኛል። ጭነት ሲከብድ ክፍተቱ ይጠባል፤ አራት ጣት ከገባ ንጂ፣ ሦስት ከገባ ተጠንቀቂ፣ ሁለት ከሆነ አውርጂ። «ያንቺ እጅ ትንሽ ናት፣ አውራ ጣትሽንም ጨምሪ» ብሎኝም ነበር።

ሄጄ ሞከርኩ። ሁለት። እነሱም ተጨናንቀው።

«ጋሼ፣ ስንት ገባ?»

«አንቺ ለክተሽ የለ?»

«ለምን ዝም አልክ?»

ጎማውን እያየ መለሰልኝ። «ትናንት ቅጹን ጥለሽው ሄደሽ ነበር። አንድ ይላል። ከዚያ ወዲያ ከባድ ነው ብል ማን ያምነኛል? ለራሱ ብሎ ነው ትላላችሁ።»

«እና እንዲህ ጭነህ ልትነዳው?»

«አብጃለሁ እንዴ? ግማሹን አውርጄ ሁለቴ እመላለሳለሁ።»

«ማክሰኞ መኪናውን ስታወድስ ውለህ የለም እንዴ?»

«ነገሩ እንኳ የገባኝ ሰኞ ነው፣ አለቃ በር ሲያዘጋሽ። መኪናው ግን ምን አደረገኝ? ጥሩ መኪና ነው።»

አፈርኩ። እሱን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ከሆቴሉ ጀርባ ያለው የብረታ ብረት መጋዘን የመኪና ሚዛን አለው። በእግር ፍጥነት እየተንቀራፈፍን ደረስን። በቫኑ በር ላይ ከተጻፈው የጭነት ልክ ሦስት ኩንታል አልፏል። ቦታ እንደልብ ነው፣ አቅሙ ግን የለውም። እኔ የለካሁት ደርቆ የሚሄደውን ብቻ ነው። ረጥቦ የሚመለሰውን ረሳሁት። ያንን እርጥብ ፎጣ አምስት ዓመት በራሴ ትከሻ ተሸክሜ! እንዴት ይረሳል?

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

አለቃ ጋ ገባሁ።

«ከትናንት ወዲያ ሌላ፣ ዛሬ ሌላ? ለጋሼ አዝነሽ ነው።»

«ለጋሼስ አዝኛለሁ። ሚዛኑ ግን ለማንም አላዘነም።» የሚዛኑን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አደረግኩለት። «ስህተቱ የኔ ነው። ይሄን ጭኖ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ቢለው ግን እርስዎም ይጠየቃሉ።»

ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው። አጠር ያለውን ቫን እንከራይ፣ ከትንንሾቹም ደህነኛውን እናቆይ አልኩት። ሁለት ሹፌር።

«ላስብበት።»

ከሱ አፍ ላስብበት መውጣቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ደረጃው ላይ ሙሽራው ጠበቀኝ። ሁሉንም ሰምቷል። «ጋሼ ከሚወጣ እኔ ልውጣ ልል ነበር» አለ። ወደ ኋላው ገልመጥ አለና «ሚስቴ ግን እንዳትሰማ።»

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

መልስ የለም። ቤት ሳጸዳ ዋልኩ። አንዱን መስኮት ሁለቴ ወለወልኩት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

አለቃ ጠራኝ። በሩን ዝጊው አላለም! አዲስ ቅጽ ሰጠኝ፣ ለአጭሩ ቫን። «አንቺና ጋሼ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ። ከተሳሳታችሁ ሁለታችሁንም ነው የምይዘው።»

ጋሼ መነጽሩን ፈልጎ አደረገ። ሠላሳ ዓመት የፈረመው ዕቃ አስረክቤያለሁ በሚል ወረቀት ላይ ብቻ ነው። «ገምጋሚ» የሚለውን ቃል በጣቱ ነካ አደረገው። «እዚህ ጋ?» አለ። እዚያ ጋ አልኩት።

ስንት ሹፌር ያስፈልጋል? ሁለት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

አጭሩ ቫን ከገባ ሳምንቱ። ዛሬ ሆቴሉ ፎጣውን በአንድ ቀን ቀደም ብሎ ስለሰጠን ሙሽራውን አላስጠራሁም፣ እኔ ራሴ ከጋሼ ጋር ወጣሁ። ስምንት ጋሪ። ሌላው ለትንሹ ቫን ቀረ።

በሩን ዘጋን። ጋሼ ወደ ጎማው አልሄደም። ቆሞ እኔን ያያል። ቁጢጥ አልኩና እጄን ሰደድኩ።

«ስንት?»

«በኔ አምስት።»

«በኔ አራት ነዋ» አለ። ቁልፉን ሰጠኝና በተሳፋሪው በኩል ገብቶ ቀበቶውን አሰረ። መንገዱን ሙሉ ፍሬን ላይ እግርሽ ይከብዳል እያለ ሲነዘንዘኝ ደረስን።

ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ያኔ ትንሽ መስሎኝ ነበር፤ እንዲህ እየነዘነዘኝ ግን ብዙ ነው።