ታጥቤ ነው ያልከኝ እጅ

ውድ ወንድምዬ፣

የምጠይቅህን ሳትቀልድ መልስልኝ። ፈርተህ ነበር?

ጨዋታችንን መቼም አትረሳውም። መብረቅ ሲጮህ ወይም አባባ ሲቆጣን፣ ተራ በተራ ጆሯችንን አንዳችን የሌላው ደረት ላይ እንለጥፋለን። ልቡ ይበልጥ የሮጠ ፈሪ ይባላል፤ ጠዋት የሁለታችንንም አልጋ የሚያነጥፈው እሱ ነው። ልብህ ታሞ ያንን ነጭ ክኒን ከጀመርክ ወዲህ ግን አንድም ቀን አልተሸነፍክም። የጎረቤት ውሻ እስከ በራችን ሲያባርረን እንኳ፣ የእኔ ልብ በአፌ ሊወጣ ሲደርስ ያንተ ቀስ ብሎ ይመታ ነበር።

“አጭበርባሪ፣ ክኒን ውጠህ ነው” ስልህ፣

“አንተም ታመምና ዋጥ” ትለኛለህ።

ለቀዶ ሕክምና የገባህ ጠዋት፣ እማዬ ከግርጌህ ቆማ የሹራቧን ጫፍ ትጠቀልላለች። ደረትህን አዳመጥኩ። ረጋ ያለ ነው።

“እሱ አልፈራም፣ እማዬ” አልኳት። ፊቷ ፈታ አለ።

እጅህን ስይዝ ግን መዳፍህ ርሷል።

“ምንድን ነው ይሄ?”

“ታጥቤ ነው። አልጋዬን ደህና አድርገህ አንጥፍ፣ ፈሪ።”

እየሳቅኩ ሸኘሁህ። ከቀዶ ሕክምናው ክፍል በሕይወት አልወጣህም።

ትናንት ልብስህን ልንወስድ ስንሄድ ነርሷ የክኒን ብልቃጥህን ሰጠችኝ።

“ፍርሃቱን የወሰደለት ይሄ ነው” አልኳት።

“ፍርሃትንስ አይወስድም” አለች ቀስ ብላ። “ሳናዝዘው በራሱ የሚሠራ ነርቭ አለን። ስንፈራ ልብን ‘ሩጥ’ ይለዋል። ክኒኑ ልብ ያንን ትእዛዝ እንዳይሰማ ያደርገዋል፣ ያ ብቻ ነው።”

“ታዲያ መፍራቱ በምን ይታወቃል?”

“ላብን አያቆምም። መዳፉን ያልበዋል።”

ወንድምዬ፣ ያን ጠዋት ከአልጋህ አልወረድክም። የት ታጠብክ?

መፍራትህን ብትነግረኝ ኖሮ ምን እልህ እንደነበር አላውቅም። ማጽናናት አልችልበትም። እጅህን ግን ቶሎ አልለቅም ነበር።

ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ነቃሁ። መዳፌን ደረቴ ላይ አደረግኩ፤ ልቤ ይጋልባል። ተነሥቼ አልጋህን አነጠፍኩ፤ አንሶላውን እንደምትወደው ወጥሬ ከፍራሹ ሥር ወሸቅኩት። የእኔን አልነካሁትም። አንተም ፈርተህ ነበርና፣ የእኔን የምታነጥፈው አንተ ነህ።

ፈሪው ታናሽህ