ዘጠኝ ሴቶች በአንድ ብልቃጥ

ጥቅምት 4 ቀን 2007፣ ማክሰኞ

ዛሬም የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የኔ የለም። ለባዮሎጂ አንድ ቦታ ወጥቷል፤ «የሥራ ልምድ፦ ሁለት ዓመት» ይላል። ሥራ ሳይሰጡኝ ልምዱን ከየት ላምጣ?

ስመለስ ከባለሱቁ ከኑርሁሴን ሳሙና ገዛሁ። «ዶክተር፣ ዛሬስ ሾሙሽ?» አለኝ፣ እንደ ሁልጊዜው። «ነገ ነው» አልኩት፣ እኔም እንደ ሁልጊዜው።

እማዬ ከሞተች አሥራ አንድ ወር ሆነ። አሁንም በሩን ስከፍት «መጣሁ» እላለሁ። ለማን?

ወንድሜ አብዱልጀባር ከጅዳ ከደወለ ሁለት ሳምንት አለፈው። እኔ ስደውል አይነሳም...

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

መምህር አብዱልፈታህ የላከው ዕቃ በደሴ ሚኒባስ መጣ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ስለ ዘረመል ያስተማረን እሱ ነው። ትንሽ ሳጥን። ውስጧ አንዲት የፕላስቲክ ብልቃጥ፣ አንድ ቅጽ፣ አንድ ደብዳቤ።

ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ውጭ አገር ያሉ ሳይንቲስቶች የሰውን ዘረመል በጨረር መስታወት ላይ ሊጽፉት ነው። ፊደል በፊደል! መስታወቱን በጥልቅ የጨው ጉድጓድ ያስቀምጡታል። የሰው ልጅ አንድ ቀን ከምድር ቢጠፋ... በበሽታ ይሁን፣ በጦርነት፣ ከሰማይ በሚወርድ ድንጋይ... ከሚሊዮን ዓመት በኋላ አእምሮ ያለው ፍጡር ቢመጣ አግኝቶ ያነበዋል። ምናልባትም መልሶ ይሠራናል።

የሚያስፈልገው ምራቅ ብቻ ነው። ከየአካባቢው አንድ ሰው፤ ዕድሜው ከሰባ በላይ፣ ወላጆቹም እዚያው የተወለዱ። ለከሚሴ የደረሳት አንዲት ብልቃጥ ናት፤ እሷም እኔ እጅ ላይ ናት! ናሙናዬ ካለፈ ወሎን በሙሉ እየዞርኩ የምሰበስበው እኔ ነኝ። ሥራ! መንገድ፣ ሰው፣ ወሬ... ከዚህ ዝምታ መውጣት። እስከ 21 መመለስ አለበት።

ጥቅምት 8

የእማዬ ማበጠሪያ ላይ ሦስት ፀጉር አለ። ቅጹ ግን በሕይወት ያለ ሰው፣ በራሱ ፈቃድ፣ በጣት አሻራ ነው የሚለው። መልሼ መሳቢያው ውስጥ አስቀመጥኩት።

ሚሊዮን ዓመት ለሚያስቡ ሰዎች «በአሥራ አንድ ወር ዘገየሁ» ብላቸው ምን ይሉኛል?

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

እማማ መሪማ ዘንድ ሄድኩ። ጎረቤታችን ናቸው፣ የእማዬ ጓደኛ። ጀናዛዋን ያጠቡት እሳቸው ናቸው። ለዚህ ይሆን ዓይናቸውን ማየት የከበደኝ?

«አከም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ? እንዴት አደርሽ፣ ልጄ? መንገዱ ጠፍቶሽ ኖሯል?» አሉኝ። በራቸው ከኛ በር አርባ እርምጃ ነው።

ሁሉንም አስረዳኋቸው።

«ሰው ሁሉ ካለቀ በኋላ? ቂያማን ማለትሽ ነው?»

«ከቂያማ በፊት ነው፣ እማማ። ምናልባት...»

«አላህ መቀስቀሱን ይችልበታል። የኔ ምራቅ ምን ያደርግለታል?»

«ለአላህ አይደለም፤ ኋላ ለሚመጡት ነው። ጨው ውስጥ ይቀመጣል።»

«ጨው ውስጥ! እንደ ቋንጣ?»

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ ነው? ከዚያ ብልቃጧን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አነሷት።

«እዚህ ውስጥ ማን ማን ይገባል?»

«አንቱ ብቻ።»

«ኮጳ ኮ? ብቻዬን?»

«አንድ ሰው ነው የሚፈቀደው።»

«እና የማላውቀው ፍጡር ሲቀሰቅሰኝ፣ አከም ቡልቴ የሚለኝ እንኳ ሳይኖር?»

«መረጃ ነው እንጂ እማማ፣ አንቱን ራስዎን አይደለም» አልኳቸው። መረጃ! እንዴት ያለ ደረቅ ቃል ነው።

«እሺ፣ ላንቺ ሥራ የሚያስገኝ ከሆነ እተፋለሁ። አፌ ግን ደረቅ ነው። እዚህ መስመር ድረስ የሚሞላ ምራቅ ከየት ይመጣል?»

ሐሙስ ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ ቀስ እያሉ ይሙሉት ብያለሁ። እኔ ለሌላ ሥራ ፈተና ደሴ መሄዴ ነው። ቅጹ ላይ አሻራቸውን አኖሩልኝ። ብልቃጧን ትቼላቸው ወጣሁ።

ጥቅምት 12፣ ደሴ

ለአንድ ቦታ ሦስት መቶ ተፈታኝ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ሄደች።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ምን አደረጉኝ!

ሐሙስ የዱበርቲዎች ቀን ነው። አሮጊቶቹ ተሰብስበው ዱዓ የሚያደርጉበት፣ የታመመውንም መንገደኛውንም የሚመርቁበት። እማዬ አንድ ሐሙስ ቀርታ አታውቅም። እኔ ደግሞ ከሚሴ ተወልጄ፣ በእንትፍታ ተመርቄ ያደግሁ... አራት ዓመት ስለ ምራቅ ተምሬ ይህን ረሳሁት?

እማማ መሪማ ብልቃጧን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ፊታቸው በርቷል።

«ዘጠኝ ሆነን ነው! ዘሊካ አለች፣ አስያ አለች፣ ዙቤይዳ አለች... ሁሉም ዱዓ እያደረጉ እንትፍ አሉበት። አሁን ይቀስቅሱን!»

«አንድ ሰው ብዬ አልነበር? አበላሻችሁት!»

«ምርቃት ይበላሻል እንዴ?»

«ለማሽኑ ይበላሻል!»

ጮህኩባቸው። እማዬን ባጠቡ ሴትዮ ላይ ጮህኩ። ሰላም ሳልል ወጣሁ።

ደግሞ ዘጠኝ ሰው ተፍቶ መስመሩን እንኳ አልደረሰም። ትንሽ ጎደለ። ያም አናደደኝ።

ጥቅምት 15

መምህር አብዱልፈታህ ጋ ደወልኩ።

«የዘጠኝ ሰው?» ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጠው። «ፋይዛ፣ የማን የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም። ብትልኪውም ይጥሉታል።»

«ሌላ ብልቃጥ ቢገኝ...»

«የለም። የከሚሴ አንዷ ነበረች።»

አብሮኝ የተማረው ሙስዐብ የባቲውን ናሙና ልኮ አልፎለታል። መሰብሰቡን እሱ ይሠራዋል። ደስ ይበለው... ይበለው።

ከሚሴ መስታወቱ ውስጥ የለችም። በኔ ምክንያት።

ጥቅምት 17

ዛሬ ከኑርሁሴን በቀር ማንንም አላናገርኩም። «ዛሬስ ሾሙሽ?» ሲለኝ «ነገ ነው» ማለት አቃተኝ።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

በሩ ተንኳኳ። በከዘራ ነው የተንኳኳው።

«አልመጣ ስትዪ እኔ መጣሁ» አሉ እማማ መሪማ።

«አፉ በሉኝ» አልኩ። እጃቸውን ልስም ስጎነበስ በትከሻዬ ያዙኝ።

«አፉ ብያለሁ። ማሽኑ ምን አለ?»

«አልቀበልም አለ።»

«ምስኪን! ጎረቤት የለውማ!»

እየሳቅኩ አለቀስኩ። ከእማዬ ቀብር ወዲህ ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም። ትንሽ ሲቀለኝ ሲያብሰለስለኝ የነበረውን ጠየቅኩ፤ ዘጠኝ ሆነው መስመሩ ለምን ጎደለ?

«ያንቺ ነዋ! ትተንልሽ ነው። ሁላችን ተቀስቅሰን አንቺ ብቻሽን ልትቀሪ ነው?»

በነጠላዬ ጫፍ ዓይኔን ጠረግኩ።

«እናትሽ የመጨረሻ ቀኗ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ፋይዛን ብቻዋን እንዳትተያት ነው ያለችኝ። ስንት ጊዜ መጣሁ! ሳንኳኳ ውስጥ እያለሽ ዝም አልሽኝ። እናትሽ ሐሙስ ሐሙስ የምትቀመጠው ከኔ በስተግራ ነበር። ማንም አልተቀመጠበትም እስከዛሬ።»

እውነት ነው፣ እያለሁ ዝም ብያለሁ። ዝምታው የቤቱ መስሎኝ ነበር።

ጥቅምት 21

የመጨረሻው ቀን። የሚኒባሱ ሾፌር «ሳጥኑስ?» አለኝ። «ይቅር» አልኩት።

የባቲው ሽማግሌ ማን ይሆኑ? ወደዚያ ጨው ሲሄዱ የሚያውቃቸው ሰው አብሯቸው አለ? ሙስዐብን ልጠይቀው አሰብኩ... አልደወልኩም።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

ጠዋት ምንም ሳልቀምስ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቄ፣ ልክ እንደ ደንቡ... ብልቃጧ ውስጥ ተፋሁ። መስመሩ ሞላ። ክዳኑን አጠበቅኩት።

ቅጹ ላይ «የሰጪው ስም» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው። አሥር ስም ጻፍኩበት። የመጨረሻዎቹ ቦታ አልበቃቸው ብሎ ጠርዙን ይዘው ወደ ላይ ወጡ። የኔ ከሁሉም በላይ ተጣሞ ቆመ። ከእማዬ ማበጠሪያ አጠገብ፣ መሳቢያው ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ክዳኑ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ምራቁን አምስት ዓመት ያቆያል ይላል የቅጹ መመሪያ። ከሚሊዮን ዓመት ጋር ሲነጻጸር...

ሰሌዳው ላይ ዛሬም የኔ የለም። አብዱልጀባር ትናንት እማማ መሪማ እኛ ቤት እያወሩ ሳለ ደወለ፤ መስመሩ ተቆረጠ። «ማነው የሚያወራው እዚያ?» ብቻ ሲል ሰማሁት።

ዱዓው ዛሬ እኛ ቤት ነው። ከኑርሁሴን ተጨማሪ ምንጣፍ ተዋስኩ። «ዶክተር፣ ሾሙሽ እንዴ?» አለኝ። «ሰው መጣብኝ» አልኩት።

ገብተዋል። ዘሊካና አስያ በምንጣፉ ቦታ እየተጨቃጨቁ ነው። ከእማማ መሪማ በስተግራ ባዶ ነው። እዚህ ጓዳ ሆኜ ይታየኛል።

«ፋይዛ! እዚያ ምን ትሞነጫጭሪያለሽ? ነይ እንጂ!»

«መጣሁ» አልኩ።